የጀልባ ናፍጣ ሞተር ፓነል፦ የቻርጅ፣ የዘይት ግፊትና የሙቀት መብራቶች ግራ አጋብተውናል

የገላን ወርክሾፕ

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፤ ገላን ከአዳማው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው ወርክሾፓችን አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው የጭነት መኪና፣ የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ሞተር ነው። ሰሞኑን ግን ከዝዋይ ሐይቅ አንድ የጀልባ ናፍጣ ሞተር በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶልናል። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደርና ባለ 12 ቮልት ሲሆን፣ ከባትሪው እስከ ፓነሉ ያለው ሽቦ ሳይቆራረጥ አብሮት ስለመጣ፣ ሁሉንም በብረት ማቆሚያ ላይ ገጥመን ጀልባው ላይ እንደነበረው አድርገን አስነሥተነዋል። ጀልባው በሐይቁ ዳር ካለችው ከባቱ (ዝዋይ) ከተማ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ በመሆኑ፣ በግምት ሠርቶ መላክ የሚገባ ሥራ አይደለም።

ችግሩ ሦስት ነው። የቻርጅ መብራቱ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መጥፋት ሲገባው ደብዘዝና ቀላ ብሎ እንደበራ ይቆያል። ፍጥነት ስንጨምር አይጠፋም፤ ስንቀንስም እምብዛም አይለወጥም። የፓነሉን የማታ መብራት ስናበራ ግን ከቀድሞው ይልቅ ይደምቃል። የዘይት ግፊት መብራቱ ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይጨመር በዝቅተኛው ፍጥነት) ሲሆን ብልጭ ድርግም ይላል፤ የማስጠንቀቂያው ጩኸትም ቆረጥ ቆረጥ እያለ አብሮት ይሰማል። ባለቤቱን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ግን የሙቀት መብራቱ ነው። ሐይቁ መሃል ላይ ሞተሩ ውሃውን አፍልቶ እንፋሎት ሲተፋ መብራቱ ፈጽሞ አልበራም። በአካባቢው የነበረ አንድ መካኒክ የሙቀት ስዊቹን (ሞተሩ ሲግል መብራቱን የሚያበራውን ማብሪያ) ፈትቶ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢሞክረው ስላልሠራ ተበላሽቷል ተባለ። አዲስ ተገዝቶ በዚያው መንገድ ሲሞከር እሱም አልሠራም።

ባትሪው ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት ያሳያል። ቁልፉ ሲከፈት መብራቶቹ ሁሉ ደካማ ናቸው፤ ጩኸቱም ቀጭን ነው። ዳይናሞው (ባትሪውን የሚሞላው ማመንጫ) ይቀየር የሚሉን አሉ። ባለቤቱን ለወጪ ከመዳረጋችን በፊት ከየት መጀመር እንዳለብን ብትመክሩን ታላቅ ውለታ ነው።

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ

ወንድሜ፣ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት ካገኛችሁ ዳይናሞው ሥራውን እየሠራ ነውና አትንኩት። መብራቱ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለመስማት ደግሞ የቻርጅ መብራት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ይህን መብራት ዳይናሞው ሲበላሽ ብቻ የሚበራ ምልክት አድርጎ ያየዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ አምፖሉ ራሱ የዳይናሞው አካል ነው። አንደኛው ጫፉ ከቁልፉ ፖዘቲቭ ያገኛል፤ ሌላኛው ጫፉ ዳይናሞው ላይ ዲ ፕላስ ወደሚባለው ተርሚናል ይሄዳል። ቁልፉ ሲከፈት ከባትሪው የሚነሣው ኮረንት በአምፖሉ አልፎ፣ በዲ ፕላስ ገብቶ፣ ቮልቴጁን በሚቆጣጠረው ሬጉሌተርና ኮረንት በሚያስተላልፉት ካርቦኖች በኩል የሚሽከረከረውን ክፍል፣ ሮተሩን፣ ማግኔት ያደርጋል። አምፖሉም የሚበራው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ዳይናሞው ማመንጨት ሲጀምር ዲ ፕላስም ወደ 14 ቮልት ይወጣል። በዚያን ጊዜ የአምፖሉ ሁለት ጫፎች እኩል ቮልቴጅ ስለሚያገኙ በመካከላቸው የሚሄድ ኮረንት አይኖርም፤ መብራቱም ይጠፋል።

እንግዲህ መብራቱ ሞተሩ እየሠራ ደብዝዞ ከበራ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል አልሆኑም ማለት ነው። ጥያቄው የትኛው ወገን ነው ዝቅ ያለው የሚለው ነው። የዲ ፕላስ ወገን ዝቅ ካለ ጥፋቱ ከዳይናሞው ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት ዳዮዶች ነው። የቁልፉ ወገን ዝቅ ካለ ግን ዳይናሞው ጤነኛ ሆኖ፣ ወደ ፓነሉ የሚሄደው ፖዘቲቭ መንገድ ላይ ቮልቴጅ እየጠፋ ነው። አምፖሉ ለኮረንት አቅጣጫ ግድ ስለሌለው በሁለቱም ሁኔታ ይበራል፤ ዓይን ለይቶ ሊያውቀው አይችልም፤ ቴስተር ግን ይለየዋል።

በጽሑፍዎ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። የማታ መብራት ሲበራ የቻርጅ መብራቱ ይደምቃል ብለዋል። የፓነሉ ጭነት ሲጨምር ልዩነቱ የሚሰፋ ከሆነ፣ እኔ የምጠረጥረው ከቁልፉ ወገን ያለውን መንገድ ነው። ቁልፉ ሲከፈት መብራቶቹ ሁሉ ደካማ መሆናቸውም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፣ የማታው መብራትም በርቶ፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጋችሁ በቀዩ ጫፍ የአምፖሉን ሁለት ጫፎች በየተራ ለኩና ቁጥሩን ጻፉልን። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ዳይናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ካቦ መንቀል በየጋራዡ የተለመደ ነው። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ባትሪው ድንገት ሲለይ ቮልቴጁ ለቅጽበት እጅግ ከፍ ስለሚል ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። ጀልባ ላይ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ዋና ማጥፊያ ማጥፋትም ያው ነው።

ለገጣፎ ሶላር

እኔ በሌላ በኩል አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የጀልባ ንዝረት የአምፖልን ክር ቶሎ ስለሚበጥስ ሁሉንም የፓነል አምፖሎች በኤልኢዲ ብትተኳቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ብርሃናቸውም ጠንካራ ስለሆነ በቀን ፀሐይ ይታያሉ።

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ

ለዘይቱና ለሙቀቱ መብራት ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ለቻርጁ ግን አይሆንም። ባለ 12 ቮልት 3 ዋት አምፖል ሩብ አምፔር ያህል ኮረንት ያሳልፋል፤ ሮተሩን ቀስቅሶ ዳይናሞውን የሚያስጀምረው ይህ ኮረንት ነው። ተራ ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ከዚህ ከአሥር እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የተነሣ ሞተሩ ተነሥቶ ፍጥነቱ በጣም እስኪጨምር ድረስ ዳይናሞው ላይሞላ ይችላል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይነቃም። የግድ ኤልኢዲ ይሁን ከተባለ ጎን ለጎን ባለ 47 ኦም፣ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ማሠር ያስፈልጋል። በዚያ ፈንታ ትክክለኛውን አምፖል መግዛት ይቀላል።

ባቦጋያ

ቢሾፍቱ ባቦጋያ በሚገኘው የባሕርተኞች ማሠልጠኛ በመርከብ ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ጥቂት ዓመታት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። ስለ ቻርጅ መብራቱ ጋሼ የጻፉት በቂ ስለሆነ እኔ ስለቀሩት ሁለቱ ልጻፍ።

አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ላቅርብ። ሞተሩን ማቆሚያ ላይ የምታስነሡት ከሆነ የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ያለ ውሃ እንዳይዞር ተጠንቀቁ። ክንፉ ጎማ ስለሆነ የሚያለሰልሰው ውሃው ነው፤ በደረቁ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩም የሐይቁ ውሃ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዝበትን የሙቀት መለዋወጫ ይዘጋል። በርሜል ሙሉ ውሃ አጠገቡ አስቀምጣችሁ በጎማ ቱቦ እንዲስብ አድርጉ።

ወደ ሙቀት ስዊቹ ስመጣ፣ አሮጌውም አዲሱም ስዊች ደኅና ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ፈተናው ራሱ ትክክል አልነበረም። የዚህ ዓይነት ስዊች ሲቀዘቅዝ ክፍት ነው፤ የሚዘጋውና መብራቱን የሚያበራው ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው መካከል በተወሰነለት ሙቀት ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ነጥብ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ስለሆነ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ94 ተኩል ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ስለሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ገላን ደግሞ በመካከል ነው። ስለዚህ ስዊቹ 98 ዲግሪ ላይ እንዲዘጋ የተሠራ ከሆነ፣ ድስቱ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ውሃው ያንን ሙቀት አይደርስምና ስዊቹ ሊዘጋ አይችልም። ደኅናው ስዊች የሚጣለው እንዲህ ነው።

ትክክለኛው ፈተና በዘይት ነው። ስዊቹን በደንብ አድርቁት፤ እርጥበት ካለው ትኩስ ዘይት ይረጫል። የምግብ ዘይት በትንሽ ድስት ከቤት ውጪ በዝግታ አሙቁና ከስዊቹ የነሐሱ ጫፍ ብቻ እንዲጠልቅ በሽቦ አንጠልጥሉት። የድስቱን ሥር እንዳይነካ ይሁን፤ ቴርሞሜትሩም ከጎኑ ይሁን። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ስዊቹ አካል ላይ፣ ሌላውን ተርሚናሉ ላይ አድርጉና የሚዘጋበትን ዲግሪ መዝግቡ። በአካሉ ላይ የታተመ ቁጥር ካለ ከእሱ ጋር አስተያዩት።

ይህ ነገር ከስዊቹም አልፎ ይሄዳል። ሐይቁ መሃል ሞተሩ አፍልቶ መብራቱ ያልበራው ለምንድን ነው? የማቀዝቀዣው ውሃ የሚዘጋበት የግፊት ክዳን ደኅና ቢሆን ኖሮ ውሃው በ94 ተኩል አይፈላም ነበር። በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ መፍያው ከፍ ይላል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ዝዋይ ላይ እንኳ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። በዚያ ሁኔታ ውሃው ከመፍላቱ በፊት 98 ዲግሪን አልፎ ስለሚሄድ መብራቱ ቀድሞ ይበራል። ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ከሆነ ግን ውሃው ስዊቹ ከሚዘጋበት ሙቀት በታች ሆኖ ይፈላና እየተነነ ያልቃል፤ መብራቱም ዝም ይላል። ቆይቶም የውሃው መጠን ከስዊቹ በታች ሲወርድ ስዊቹ እንፋሎትና አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር የሞተሩን ትክክለኛ ሙቀት አያገኝም። በባሕር ዳርቻ አገር ይህ ችግር በዚህ መልኩ አይገጥምም፤ በእኛ ሐይቆች ግን ከፍታው ምክንያት ይሆናል። ጣናም ወደ 1,790 ሜትር ስለሆነ እዚያ የምትሠሩም ልታስቡበት ይገባል። ስለዚህ ክዳኑን በግፊት መለኪያ ፓምፕ ፈትሹት።

የዘይት ግፊት ስዊቹ ከሙቀቱ በተቃራኒ ነው የሚሠራው። ግፊት ሳይኖር ዝግ ነው፤ ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ገደማ ሲደርስ ይከፈትና መብራቱ ይጠፋል። ለዚህ ነው ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሣ የሚበራው። ይህ መብራት ሲብለጨለጭ ስዊች ቀይሮ መገላገል ትልቅ አደጋ አለው፤ ብልጭታው እውነት ከሆነ ኩሽኔታዎቹ እየተበሉ ነውና። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ ስዊቹን ፈትታችሁ በቦታው የሜካኒካል ግፊት መለኪያ ግጠሙና ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ስንት ባር እንደሚያሳይ እዩ። ግፊቱ ደኅና ከሆነ ስዊቹን መልሳችሁ ግጠሙት። ከዚያም ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ከስዊቹ ንቀሉና ጫፉ ምንም እንዳይነካ አድርጋችሁ መብራቱን ተመልከቱ። ከጠፋ ጥፋቱ ከስዊቹ ነው። ሽቦው ተነቅሎም የሚብለጨለጭ ከሆነ ሽቦው በመንገዱ አንድ ቦታ ብረት እየነካ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሞተሩ አካል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በእርግጥ የተገናኘ መሆኑን አረጋግጡ። በአንዳንድ ጀልባዎች፣ በተለይ አካላቸው ብረት ወይም አሉሚኒየም በሆነ፣ ኮረንት በውሃው ውስጥ እየሄደ ብረቱን እንዳይበላው ሲባል ሞተሩ ከኔጌቲቭ ተነጥሎ እያንዳንዱ ስዊች ሁለት ሽቦ ይኖረዋል። እንደዚያ ከሆነ ግራውንድን (የኔጌቲቩን መመለሻ) ከሞተሩ አካል ላይ የሚለካ ሰው የተሳሳተ ውጤት ያገኛል።

የገላን ወርክሾፕ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልን። የሞተሩ አካል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በወፍራም ካቦ የተገናኘ ነው፤ ጀልባውም ፋይበር ግላስ ነው፤ ስዊቾቹም ባለ አንድ ሽቦ ናቸው። በርሜሉንም እንደተባለው አዘጋጅተናል።

ስለ ቻርጅ መብራቱ ጋሼ እንዳዘዙን ለክተናል። ሞተሩ እየሠራ፣ የማታው መብራት በርቶ፣ በዲ ፕላስ በኩል 14.1 ቮልት አገኘን፤ በቁልፉ በኩል ግን 11.5 ቮልት ብቻ ነው። የማታውን መብራት ስናጠፋው በቁልፉ በኩል ያለው ወደ 12.7 ከፍ አለ፤ የቻርጅ መብራቱም ደበዘዘ።

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ

ጎሽ፣ ነገሩ ተያዘ። አሁን ደግሞ የጠፋው ቮልቴጅ የት እንደቀረ መፈለግ ነው። ሽቦውን በኦም መለካት እዚህ ላይ አይረዳም፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ ኮረንት ሳያልፍበት ሲለካ ደኅና ይመስላል። ኮረንት እያለፈበት ነው መለካት ያለበት። የማታውን መብራት እንደገና አብሩ፤ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ተዉት፤ በጥቁሩ ጫፍ ደግሞ ወደ ፓነሉ የሚሄደውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ተከተሉ፤ ፊውዙ ሳይገባና ከፊውዙ በኋላ፣ ከሶኬቱ በፊትና በኋላ፣ ከቁልፉ በፊትና በኋላ። ቴስተሩ የሚያሳየው ከባትሪው እስከዚያ ነጥብ ድረስ የጠፋውን ቮልቴጅ ነው። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ የሚዘልበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የሞተሩን ሽቦ ከፓነሉ ሽቦ ጋር የሚያገናኘውን ባለ ብዙ እግር ሶኬት ነው።

ሰበታ ፓምፕ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ አለኝ። ሰበታ አካባቢ ለአትክልት ማጠጫ የምንጠቀምበት ናፍጣ ፓምፕ አለን። የእኛ የቻርጅ መብራት ሞተሩም ቁልፉም ጠፍቶ ማታ ማታ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ጠዋት ባትሪው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ማዞር ያቅተዋል። ይህም የሶኬት ችግር ይሆን?

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ

የእናንተ የተለየ ነው ልጄ። ቁልፉ ተዘግቶ መብራቱ ከበራ ኮረንቱ የሚመጣው ከኋላ፣ ከዳይናሞው ነው። ከፖዘቲቮቹ ዳዮዶች አንዱ ሾርት ሆኖ ከባትሪው ወደ ውስጥ እየለቀቀ ነው። ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠዋት ዳይናሞውን በእጅህ ንካው፤ ሌላው ብረት ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ለብ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ኮረንት ሲያልፍበት አድሯል። እስኪሠራ ድረስ ማታ ማታ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀለው፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ዳይናሞው ተፈትቶ ዳዮዶቹ መለካት አለባቸው።

የገላን ወርክሾፕ

ሦስቱንም ጨርሰን ውጤቱን ይዘን መጥተናል።

የቻርጁን በተመለከተ፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ መውጫ 0.1 ቮልት፣ እስከ ሶኬቱ መግቢያ 0.2 ቮልት ብቻ ነበር የጠፋው። ከሶኬቱ መውጫ ላይ ስንለካ ወደ 2.6 ዘለለ። ሶኬቱን ስንከፍተው ዋናው ፖዘቲቭ የሚያልፍበት እግር ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበታል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ከሙቀት የተነሣ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። በእጅ ሲነካ ግን ጠበቅ ያለና ደኅና ይመስል ነበር፤ ከውጭ የተጠቀለለበት ቴፕም ዝገቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ሁለቱን ተርሚናሎች ቆርጠን ጤነኛ መዳብ እስክናገኝ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ በመጭመቂያ ፕላየር አዲስ ተርሚናል አስረን በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ሸፍነነዋል። አሁን በቁልፉ በኩል 14.0፣ በዲ ፕላስ 14.1 ነው፤ የቻርጅ መብራቱ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ይጠፋል። የሌሎቹ መብራቶች ድምቀትም የጩኸቱም ኃይል ተመልሷል።

የዘይቱን ግፊት በሜካኒካል መለኪያ ስናየው ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ 1.4 ባር ያሳያል፤ ፍጥነት ሲጨምር ከ3 ባር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ስዊቹን መልሰን ሽቦውን ነቅለን ስናየው መብራቱ እንደበፊቱ መብለጭለጩን ቀጠለ። ሽቦውን ስንከተለው ከዳይናሞው ማሠሪያ ጀርባ ላስቲኩ ተፍቆ የመዳቡ ክር በጣም ትንሽ ሆኖ ይታያል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ይበልጥ ስለሚንቀጠቀጥ ሽቦው እየተነሣ እየወረደ ብረቱን ይነካ ነበር፤ ፍጥነት ሲጨምር ንዝረቱ ስለሚቀንስ አይነካም። ያንን ክፍል ቀይረን በቱቦ ውስጥ አሳልፈነዋል።

የሙቀት ስዊቾቹን ሁለቱንም በዘይት ፈተንናቸው። አሮጌውም አዲሱም በ97 ዲግሪ ገደማ ተዘጉ፤ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ 90 አካባቢ ተከፈቱ። አካላቸው ላይ 98 የሚል ታትሟል። በዚያው ዕለት በተመሳሳይ ድስት ውሃ አፍልተን ስንለካው ከ93 ዲግሪ አልፎ አልሄደም። ክዳኑ ደግሞ ኢንጂነሩ እንደገመቱት ነው፤ የውስጥ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ በመለኪያ ፓምፕ ስንሞክረው ምንም ግፊት አልያዘም። አዲስ ክዳን ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ልከን እየፈለግን ነው።

ባቦጋያ

እጃችሁ ይባረክ። ክዳኑን ስትገዙ መጠኑ መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የሥሩ ቁመትም የአንገቱን ጥልቀት የሚመጥን ይሁን። አጭር ከሆነ ስፕሪንጉ አይጫንም፤ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ግፊት አይይዝም። ከተገጠመ በኋላ ሲስተሙን በሙሉ በፓምፑ ወጥራችሁ የሚንጠባጠብ ቱቦ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ለብዙ ጊዜ ግፊት ያላየ አሮጌ ቱቦ አሁን ግፊት ሲያገኝ ሊተነፍስ ይችላል።

ሌላው፣ ሞተሩ መጀመሪያውኑ ለምን ሞቀ የሚለው ገና አልተመለሰም። የክዳኑ ማፍሰስ ውሃውን ቀስ በቀስ ስለሚያጎድል ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሐይቁ ውሃ የሚገባበት ወንፊት በሣር መዘጋቱም መፈተሽ አለበት፤ ጣና ላይ እምቦጭ ጀልባዎችን እንደሚያስቸግር ሁሉ ዝዋይም ዳርቻው ሣርና ቄጤማ የሞላበት ነው።

የዝዋዩ ባለጀልባ

የሞተሩ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ይህን ውይይት ልከውልኝ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ክዳኑ ወደፊት እንደገና ቢበላሽ መብራቱ ዝም እንዳይል ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ90 ዲግሪ የሚዘጋ ስዊች ባስገባ ምን ይመስላችኋል? ሁለተኛ፣ ጀልባውን የሚነዳው ልጅ መካኒክ አይደለም፤ ጠዋት ሰው ከመጫኑ በፊት መብራቶቹ መሥራታቸውን በምን ያረጋግጥ?

ባቦጋያ

ስለ መጀመሪያው፣ የእርስዎ ሞተር ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያሳልፈው ቫልቭ) በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት ሳይታይ ወደ 90 መውረድን አልመክርም። በ82 መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 90 ደርሶ ወይም አልፎ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጭነት በበዛ ቁጥር መብራቱ ያለ ምክንያት ይበራል። በከንቱ ደጋግሞ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ነጂው ሽቦውን ነቅሎ እንዲገላገል ያደርገዋል። ቴርሞስታቱ በ71 የሚከፈት ከሆነ ግን የ90 ስዊች ያስኬዳል፤ ዝዋይ ላይ ውሃው ከሚፈላበት በታች ስለሆነ ክዳን ቢበላሽ እንኳ ይናገራል። ገላን ያሉት ወንድሞቻችን ቴርሞስታቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አይተው ሊነግሩዎት ይችላሉ።

ስለ ጠዋቱ፣ ልጁ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ጥቂት ቆም ብሎ ፓነሉን ይመልከት። የቻርጅና የዘይት መብራት መብራት አለባቸው፤ ጩኸቱም መሰማት አለበት። የሙቀቱ መብራት በዚህ ፓነል ቁልፍ ሲከፈት አይበራም። ከሁለቱ አንዱ ካልበራ ሞተሩ አይነሣ፤ አምፖሉ የተቃጠለ ከሆነ ሐይቁ መሃል የሚያስጠነቅቅ ነገር የለምና። ከተነሣ በኋላ ሁለቱም ወዲያው መጥፋት አለባቸው። የሙቀቱን መብራት ለመፈተን በሳምንት አንድ ጊዜ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ሽቦውን ከስዊቹ ነቅሎ የሞተሩን ንጹሕ ብረት ያስነካው፤ መብራቱ በርቶ ጩኸቱም ከተሰማ ከስዊቹ ወዲህ ያለው ሁሉ ደኅና ነው። የውሃውን መጠን ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጠዋት ጠዋት ይይ፤ ትኩስ ሳለ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈት።

ከጭስ ማውጫው ጋር የሚወጣውን ውሃም ይመልከት። ወንፊቱ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱ ነው፤ የሙቀት መብራቱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የገላን ወርክሾፕ

ቴርሞስታቱን ፈትተን አይተነዋል፤ 71 ይላል። ክዳኑም ዛሬ ከሰዓት ከሶማሌ ተራ ተገኝቷል፤ ቁጥሩ 0.9 ነው፤ የሥሩን ቁመትም ከአሮጌው ጋር አስተያይተን ገጥመነዋል። ሲስተሙን ስንወጥረው ከሙቀት መለዋወጫው ጎን አንድ ቱቦ በማሠሪያው ሥር ስላንጠባጠበ ቱቦውንም ማሠሪያውንም ቀይረናል። የ90 ዲግሪ ስዊች በዚያው ጥርስ ካገኘን ባለቤቱን አማክረን እናስገባለን፤ ካላገኘን ነባሩ ይቆያል። ሞተሩን ነገ ጠዋት በርሜሉ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አስነሥተን ካየነው በኋላ በአይሱዙ ወደ ባቱ እንልከዋለን። የሶኬቱ መገጣጠሚያ ጀልባው ላይ ሲገጠም አፉ ወደ ታች እንዲዞርና ውሃ እንዳይቋጥር ለሚገጥመው ልጅ በጽሑፍ አስይዘነዋል።